ተመርጠሃል፣ ግን አልተጠየቅክም

በ2012 የጸደይ ወራት ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ ከገባሁ ሦስት ወር እንኳ አልሞላኝም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ የሐበሻ ካፌ ጥግ ላይ ተቀምጬ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ ትልልቅ ሰዎች ስለ ድራፍት ሲጨቃጨቁ ሰማሁ።

"ለአንድ ልጅ ሦስት ድራፍት ይሰጣል?" ይላል አንዱ፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ።

"ኧረ ይገባዋል! ልጁን አይተኸዋል?" ይመልሳል ሌላው።

እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁ ሰው ነኝ። ድራፍት ማለት ለኔ በጃምቦ የሚቀዳ ቢራ ነው። ሦስት ጃምቦ ጋብዞ እንዲህ የሚያጣላ ምን ዓይነት ልጅ ነው ብዬ ተገረምኩ። ደፍሬ ስጠይቅ ካፌው በሳቅ ፈረሰ። ከመሃላቸው አንጋፋው፣ እድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ የነዱት፣ ሁላችንም "ጋሼ" ብቻ የምንላቸው ሰው፣ "ና ተቀመጥ፣ ይኼን አገር ላስተምርህ" አሉኝ።

ትምህርቱ እንዲህ ነበር። የአሜሪካ ፉትቦል፣ ያ በእጅ የሚወረወረው ሞላላ ኳስ፣ 32 ቡድኖች አሉት። በየዓመቱ ሚያዝያ ገደማ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ልጆች ቡድኖቹ በተራ ይመርጣሉ። ይኼ ነው ድራፍት። ተራው ግን የተገለበጠ ነው፤ ከሁሉም የባሰ የተሸነፈው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል። እኛ በለመድነው ኳስ መጨረሻ የወጣ ቡድን ወደ ታች ይወርዳል። እዚህ የሚወርድ የለም። መጨረሻ የወጣው ይሸለማል።

"ፍትሕ ማለት ይኼ ነው" አሉ ጋሼ። "ድሀው ቀድሞ ያነሳል።"

የእኛ ድሀ ደግሞ የዋሽንግተን ቡድን ነበር። ያኔ የሚጠራበት ስም የአገሩን ነባር ሕዝቦች የሚሰድብ ስለነበር በ2020 ተትቷል፤ ከ2022 ጀምሮ ኮማንደርስ ይባላል። ለመጨረሻ ጊዜ ሱፐር ቦውል የበላው በጥር 1992 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የሐዘን ቤት ወሬ ነው። በተለይ የኮንትራቱ ጉዳይ ሲነሳ ካፌው ይሞቃል። ሁሉም እንደ ጸሎት በቃሉ የሚደግመው የ2009ን ነው። አልበርት ሄይንስወርዝ የሚባል ግዙፍ ተከላካይ በሰባት ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ተፈረመለት፤ 41 ሚሊዮኑ ዋስትና ያለው ነበር። በማግሥቱ ዓመት የአካል ብቃት ፈተና እንኳ ማለፍ አቃተው። በ2011 ለሌላ ቡድን ተሰጠ፤ በምትኩ የተገኘው አንድ የአምስተኛ ዙር ምርጫ ብቻ ነው።

በዚያ የጸደይ ወራት ያጣላቸው ግን ሮበርት ግሪፊን ነበር፤ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረውና ጨዋታውን የሚመራው ልጅ። ዋሽንግተን እሱን በሁለተኛ ተራ ለመውሰድ የ2012፣ የ2013 እና የ2014 የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎቹን፣ በዚያ ላይ የ2012ን ሁለተኛ ዙር፣ ለሴንት ሉዊስ ራምስ ሰጠ። የሦስት ዓመት መኸር በአንድ ዘር ተለወጠ ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ሠራ። ግሪፊን የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፤ ቡድኑ 10 ጨዋታ አሸንፎ ስድስት ተሸነፈ። ካፌው ሠርግ ቤት መሰለ፤ እኔም ሙሉ ደጋፊ ሆንኩ። በጥር 2013፣ ከሲያትል ጋር በተደረገው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ፣ ቀድሞውንም ያመመው ጉልበቱ ከዳው። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ አልተመለሰም።

ራምሶች ደግሞ ቀልደኛ ናቸው። በታኅሣሥ 2014 ዋሽንግተን ሜዳ ላይ ሲመጡ፣ ሳንቲም ሲጣል አምበል አድርገው ያወጧቸው ስድስት ተጫዋቾች ሁሉም በዚያ ልውውጥ በተገኙ ምርጫዎች የመጡ ነበሩ። በእኛው ቤት፣ በእኛው ገንዘብ የተገዙ ስድስት ሰዎች ተደርድረው ቆሙ። ጨዋታውንም 24 ለ 0 ወሰዱት። ያን ቀን ጋሼ ሂሳባቸውን ከፍለው ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ።

እኔ ግን ዝም አላልኩም። በ2015 ካፌው ውስጥ ከኔ በላይ የሚጮህ አልነበረም። "ይቆረጥ! ኮንትራቱን ቀደው ያባሩት! የሰው ገንዘብ እየበላ አግዳሚ ወንበር ያሞቃል እንዴ?"

አንድ ቀን እንዲህ ስጮህ ስልኬ ክፍት ነበር። ታላቅ እህቴ በኢሞ እየደወለችልኝ፣ ሳላስበው አንስቼዋለሁ።

"የማን ኮንትራት ነው?" አለችኝ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። በእኛ ቤት ኮንትራት የሚለው ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። "በኮንትራት ሄደች" ከተባለ ዓረብ አገር ሄደች ማለት ነው። እህቴ ሁለት ዓመት ተብላ ሄዳ አራተኛዋን ይዛ ነበር። ፓስፖርቷ ማዳሟ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የገባ ሰው አሰሪው ካልፈቀደ ወደ ሌላ ቤት መዞር አይችልም፤ ከወጣ ጠፊ ይባላል። የመረጣት ቤት መረጣት። እሷን የጠየቃት የለም።

ስለ ግሪፊን ነገርኳት፤ መታመሙን፣ ደመወዙን፣ አለመጫወቱን። ሰማችኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

"ታዲያ እሱ መሄድ ቢፈልግ መሄድ ይችላል?"

"አይ፣ እነሱ ካልለቀቁት አይችልም።"

"እና አንተን ምን አናደደህ?" አለች።

የምመልሰው አጣሁ። አንድ ሚሊዮነር ስፖርተኛና አንዲት የቤት ሠራተኛ አንድ አይደሉም፤ ያንን ለመረዳት ሒሳብ አያስፈልግም። ግሪፊን በአራት ዓመት 21 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎታል። እህቴ ያገኘችው በሙሉ የእሱን ጫማ አይገዛም። ጥያቄዋ ግን ስለ ገንዘብ አልነበረም። በሩ የሚከፈተው ከየትኛው ወገን ነው ነው ያለችው። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ምርጫና ስለ ኮንትራት ስከራከር ይኼን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩም።

ከዚያ በኋላ ነው ታሪኩን ማንበብ የጀመርኩት።

ድራፍትን የፈጠረው በርት ቤል የሚባል የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት ነው። በ1935 ቡድኑ መጨረሻ የወጣ፣ ጥሩ ተጫዋች ለማስፈረም ከትልልቆቹ ጋር ተሻምቶ የሚሸነፍ ሰው ነበር። "መጨረሻ የወጣ መጀመሪያ ይምረጥ" አለ፤ ሌሎቹም ተስማሙ። ለምን እንደተስማሙ አስቡት። ውድድሩ እኩል እንዲሆን ብቻ አይደለም። አንድን ልጅ አንድ ቡድን ብቻ ማነጋገር ከቻለ፣ ልጁ ዋጋ የሚያወዳድርበት ሌላ ገዢ አይኖረውም። ድሀውም ሀብታሙም ባለቤት በአንድ ቀን አተረፉ።

የመጀመሪያው ድራፍት በየካቲት 1936 ፊላደልፊያ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ተደረገ። በዓለም ላይ የመጀመሪያው ተመራጭ ጄይ በርዋንገር ነው፤ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ልጅ፣ የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች። ቤል መረጠው። በደመወዝ አልተስማሙምና መብቱ ወደ ቺካጎ ቤርስ ተላለፈ። ከእነሱም ጋር አልተስማማም። በርዋንገር ምን አደረገ? ትቶት ሄደ። ሌላ ሥራ ያዘ፤ በዚህ ሊግ ውስጥ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ኖረ። የመጀመሪያው ተመራጭ "አልፈልግም" ያለ ሰው መሆኑን ካፌው ውስጥ የነገረኝ አልነበረም። እሱ እንዲህ ማለት የቻለው ሌላ እንጀራ ስለነበረው ነው።

ወደ ራሳችን ቡድን እንምጣ። ከቦስተን ወደ ዋሽንግተን የመጣው በ1937 ነው። ባለቤቱ ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል ጥቁር ተጫዋች አላስገባም ብሎ እስከ 1960ዎቹ የጸና ሰው ነበር። በየዓመቱ ድራፍት ይመጣል፣ በየዓመቱ ይመርጣል፤ አንድም ጥቁር አይመርጥም። ቡድኑም እየተሸነፈ ሄደ። "ድሀው ቀድሞ ያነሳል" የሚለው ሕግ ዓይኑን ለጨፈነ ድሀ ምንም አላደረገለትም።

ያስገደደው ሕዝብ አይደለም፤ ስታዲየም ነው። አዲሱ ስታዲየም የተሠራው የፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ስለነበር በ1961 የኬኔዲ አስተዳደር የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ስቱዋርት ዩዳል "ጥቁር ተጫዋች ካልቀጠርክ ስታዲየሙን አትጠቀምም" አሉት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በተደረገው ድራፍት፣ መጨረሻ በመውጣቱ የመጀመሪያው ተራ የእሱ ነበርና፣ ማርሻል ኤርኒ ዴቪስን መረጠ፤ የኮሌጅ ኳስ ትልቁን ሽልማት ሃይዝማንን የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ነው። መብቱን ግን ለክሊቭላንድ ሰጥቶ ቦቢ ሚቼልን አመጣ።

ዴቪስ በ1962 የደም ካንሰር ተገኘበት፤ በግንቦት 1963 አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይጫወት በ23 ዓመቱ ሞተ። ሚቼል ደግሞ በመጀመሪያ ዓመቱ በሊጉ ከሁሉም በላይ ያርድ የቀበለ ሰው ሆነ፤ በ1983 የዝና አዳራሽ ገባ። ዋሽንግተን ጥቁር ተጫዋች በማስገባት ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ የመጨረሻው ሆነ።

አሁን ደግሞ ይኼን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝን ሰው ላስተዋውቃችሁ። ጄምስ ስሚዝ፤ በቅጽል ስሙ ያዙ ስሚዝ።

ከ1960 እስከ 1966 ሁለት ተቀናቃኝ ሊጎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድራፍት ያካሂዱ ነበር። ስለዚህ አንድ ጥሩ ልጅ ሁለት ገዢ ያገኝ ነበር። ጆ ኔመዝ በ1965 ከ400 ሺህ ዶላር በላይ የፈረመው በዚህ ምክንያት ነው። በ1966 ሊጎቹ ለመዋሃድ ተስማሙ፤ ከ1967 ጀምሮ ድራፍቱ አንድ ሆነ። ሁለተኛው በር ተዘጋ።

ስሚዝ የተመረጠው በሩ ከተዘጋ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1968 ነው። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተከላካይ ነበር፤ ዋሽንግተን በመጀመሪያ ዙር፣ በ12ኛ ተራ ወሰደው። ሌላ ማንም ሊያነጋግረው ስለማይችል የቀረበለትን ፈረመ፤ ለአንድ ዓመት፣ ጉርሻውን ጨምሮ 50 ሺህ ዶላር። በዚያው የመጀመሪያ ዓመት፣ በመጨረሻው ጨዋታ አንገቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበትና የተጫዋችነት ሕይወቱ አበቃ። አንድ የውድድር ዓመት፣ በቃ።

በ1970 ከሰሰ። ክሱ ስለ አንገቱ አልነበረም። "ድራፍት ባይኖር ከብዙ ቡድኖች ጋር ተደራድሬ ለጉዳት ዋስትና ያለው የተሻለ ውል አገኝ ነበር፤ ይኼ ሥርዓት የፀረ ሞኖፖሊ ሕግን ይጥሳል" ነው ያለው። የተከሰሱት ሊጉና የእኛው የዋሽንግተን ቡድን ናቸው። ጉዳዩ የተሰማውም እዚሁ ከተማችን ፍርድ ቤት ነው። በ1976 ዳኛ ዊልያም ብራያንት ፈረዱለት፦ ድራፍቱ፣ ያኔ በነበረው መልኩ፣ ሕገ ወጥ ነው አሉ። በ1978 የይግባኝ ፍርድ ቤቱም የካሳው ስሌት እንደገና ይታይ ቢልም፣ ሕግ መጣሱን አጸና።

እንግዲህ ድራፍት ሕገ ወጥ ተብሎ ነበር። ታዲያ ለምን ዛሬም አለ?

ምክንያቱም በ1977፣ ይግባኙ ገና ሳይወሰን፣ የተጫዋቾች ማኅበርና ሊጉ የኅብረት ስምምነት ተፈራረሙ። በአሜሪካ ሕግ አሠሪና ማኅበር በድርድር የተስማሙበት ነገር ከፀረ ሞኖፖሊ ክስ ጥበቃ ያገኛል። ማኅበሩ ሌላ ነገር ለማግኘት ሲል ድራፍቱን ተቀበለ። ልብ በሉ፦ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡት ቀድመው ሊጉ ውስጥ የገቡ ተጫዋቾች ናቸው። የሚመረጡት ልጆች ገና ትምህርት ቤት ናቸው፤ ድምፅ የላቸውም። ሌላ ሰው ስለ እነሱ ተስማማ።

ታሪኩ ከዚያም ቀጠለ። ውሉን የጨረሰ ተጫዋች በነፃነት ቡድን የመምረጥ መብት የተከበረው ብዙ ክስ ከተካሄደ በኋላ በ1993 ነው። ከከሳሾቹ አንዱ ሬጂ ዋይት ነበር፤ በዚያው ዓመት ራሱ መርጦ ግሪን ቤይ ገባ። ባለቤቶቹ በምላሹ የደመወዝ ጣሪያ አገኙ፤ በ1994 ለአንድ ቡድን 34.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ በ2024 ደግሞ 255.4 ሚሊዮን። በ2011 እንደገና ስምምነት ሲደረግ የከፈሉት አሁንም አዲሶቹ ልጆች ናቸው። በ2010 የመጀመሪያው ተመራጭ 50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ነበረው፤ በ2011 የመጀመሪያው ተመራጭ በአራት ዓመት 22 ሚሊዮን አካባቢ ፈረመ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። እነሱ በሌሉበት ጠረጴዛው ተቀይሮ ነው።

አሁን የ2015ቱን ግሪፊንን እንደገና እዩት። ለ2016 ቡድኑ በያዘው አማራጭ ውል መሠረት፣ ግሪፊን ክፉኛ ቢጎዳ 16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይከፈለው ነበር፤ ጤነኛ ከሆነ ግን በነፃ ሊሸኝ ይችላል። ያንን የውድድር ዓመት አንድም ደቂቃ አልተጫወተም። አንቀጹን ያነበበ ሰው ለምን እንደሆነ ለመገመት አይቸገርም። እኔ "አግዳሚ ወንበር ያሞቃል" ያልኩት ልጅ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ጤነኛ ሆኖ እንዲባረር ነበር።

ቦታውን የያዘው ኪርክ ከዝንስ ደግሞ ሌላውን የታሪኩን ገጽ ያሳያል። በዚያው በ2012 ድራፍት፣ በአራተኛ ዙር፣ በ102ኛ ተራ የተመረጠ ነው፤ ማንም ጠረጴዛ አልደበደበለትም። ውሉ ሲያልቅ ቡድኑ "ፍራንቻይዝ ታግ" በሚባለው መብት ሁለት ጊዜ አስቀረው፤ ይኼ ውሉን የጨረሰን አንድ ተጫዋች ከፍ ባለ ክፍያ ለአንድ ዓመት የማቆያ ዘዴ ነው። በ2016 20 ሚሊዮን፣ በ2017 24 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተከፈለው። ካፌው ውስጥ ስግብግብ ተባለ። እሱ ግን ታገሠ፤ በ2018 በሩ ሲከፈት ወደ ሚኒሶታ ሄደ፤ 84 ሚሊዮን ዶላር፣ ሙሉ በሙሉ ዋስትና ያለው። ዋሽንግተን ሁለቱንም ኳርተርባኮቹን አጣ።

ጋሼ ይኼን ሁሉ ስነግራቸው በቀላሉ እጅ አልሰጡም፤ ክርክራቸውም ባዶ አይደለም። "ድራፍት ባይኖር ሀብታሙ ሁሉንም ይጠቀልላል። አውሮፓን አታይም? ዋንጫውን ሦስት አራት ክለብ ነው የሚቀባበለው። እዚህ የወደቀ ተስፋ አለው።" እውነት ነው። ደጋፊ ያለ ተስፋ አይኖርም።

እኔ የመለስኩት ይኼን ነው። ያ ተስፋ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ባለቤቱ አይደለም። ቡድናችን በ1999 በ800 ሚሊዮን ዶላር ተገዛ። ሃያ አራት ዓመት ባብዛኛው ተሸነፈ። በ2023 በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሄይንስወርዝ የበላውን 100 ሚሊዮን ያልበላውንም ጭምር እንቆጥራለን፤ ይኼን አምስት ቢሊዮን ግን ማን ቆጠረው? ከዚያ ሁሉ ሽንፈት ውስጥ ከሁሉም በላይ ያተረፈው፣ እኛ ካፌ ውስጥ ስሙን ሳይሆን የተጫዋቹን ስም እየጠራን የምንራገመው ሰው ነው። "ገንዘባችንን በላው" ስንል የየትኛው ገንዘብ ነው የእኛ?

በመጋቢት 2016 ግሪፊን ተለቀቀ። ካፌው ውስጥ ወሬው "ባከነ" የሚል ነበር። ለእህቴ ደውዬ "ያ ልጅ ለቀቁት" አልኳት።

"እሰይ!" አለች።

እሷ ራሷ የወጣችው ከዚያ አንድ ዓመት ቆይታ ነው። አሁን አዲስ አበባ ናት፤ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ጠዋት ስትፈልግ ትከፍታለች።

በ2023 ቡድናችን አራት አሸንፎ 13 ተሸነፈ። ለዚያ ውድቀት የተሰጠን ሽልማት በሚያዝያ 2024 ሁለተኛው ተራ ሆነ፤ ጄይደን ዳንኤልስ ተመረጠ። ካፌው በሙሉ ቆሞ ነበር። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ እኔም ጮህኩ። በጥቅምት መጨረሻ ከቺካጎ ጋር ስንጫወት ሰዓቱ አልቆ የወረወራት ኳስ በተጫዋቾች እጅ ተነክታ መጨረሻ ላይ በእኛ ሰው እጅ ስታርፍ፣ ጋሼ በዚያ እድሜያቸው ወንበር ላይ ወጡ። 12 አሸንፈን አምስት ተሸነፍን፤ ሱፐር ቦውል ለመግባት አንድ ጨዋታ ሲቀረን በጥር 2025 ፊላደልፊያ ላይ 55 ለ 23 ተረገጥን። ፊላደልፊያ፤ ድራፍት የተወለደባት ከተማ።

አሁንም እንከራከራለን። ማን ይራዘምለት፣ ማን ይቆረጥ፣ የመጀመሪያው ዙር ለማን ይሰጥ። ኳስ ያለ ጭቅጭቅ ምን ሊሆን? አንድ ልማድ ብቻ ጨምሬያለሁ። አንዱ "ይሸጥ!" ሲል፣ "ልጁስ ምን ይፈልጋል?" እላለሁ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ጋሼ ዛሬም ይስቃሉ፦ "አንተ ልጅ፣ የተጫዋቾች ማኅበር ቀጠረህ እንዴ?"

አልቀጠረኝም። እህቴ ናት የቀጠረችኝ።